ከስቴንስል እስከ ማኅደር፦ የአድናቂዎች ድርሰት ስድሳ ዓመታት

በ1967 ኒውዮርክ ውስጥ «ስፖካናሊያ» የተባለች አነስተኛ መጽሔት በስቴንስል ተባዝታ ወጣች። «ስታር ትሬክ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ተመሥርተው አድናቂዎች የጻፏቸውን ታሪኮች ይዛ ለመታተም የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ትደርስ የነበረውም አድራሻቸው በአዘጋጆቹ መዝገብ ላይ ለተጻፈ ሰዎች ነበር። በ2025 ደግሞ አንድ ግለሰብ «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» ከተባለው የአድናቂዎች ማኅደር ያለ ጸሐፊዎቹ ፈቃድ ገልብጦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ እንዲሆን ያወጣው ክምችት 12.6 ሚሊዮን ሥራዎችን የያዘ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ የዕድገት ታሪክ ነው፤ ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ በዘርፉ ውስጥ የሚጽፈውና የሚያነበው ሰው ዕለታዊ ደስታ በእነዚህ ስድሳ ዓመታት እምብዛም አልተለወጠም። የወደዱትን ገጸ ባሕርይ በገዛ እጅ ማናገር፣ ከዚያም አንድ የማያውቁት ሰው ያንን አንብቦ መልስ ሲጽፍ ማየት፣ ደስታው ይኸው ነው። የተለዋወጠው ችግሩ ሲሆን፣ ይህ ዳሰሳም በዋናነት የሚከተለው ችግሩ ከየት ወዴት እንደተዛወረ ነው።

የሌላ ደራሲን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ታሪኩን መቀጠል ከቴሌቪዥን የቀደመ ልማድ ነው። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ሼርሎክ ሆምስን ሲገድለው፣ ታሪኮቹን ያትም የነበረው «ስትራንድ» መጽሔት ከ20,000 በላይ ደንበኞች እንዳጣ ይነገራል። ደራሲው በ1903 መርማሪውን በሕይወት ከመመለሱ በፊትም ሆነ በኋላ ሌሎች ሰዎች በሆምስ ስም መጻፋቸውን አላቆሙም። በ1913 ሲቢል ብሪንተን የተባለች እንግሊዛዊት ደግሞ የጄን ኦስተንን የስድስት ልብ ወለዶች ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አገናኘቻቸው። ስሜቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ ሲጨርስ «በዛብህ ባይሞት ኖሮ» እያለ በልቡ ሌላ መጨረሻ ያልደረሰ አንባቢ የሚገኝ አይመስለኝም። ልዩነቱ አብዛኛው አንባቢ በልቡ የያዘውን በወረቀት አለማስፈሩ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። አንባቢው፣ ወይም በዚህ ጉዳይ ተመልካቹ፣ ብቻውን መመኘቱን ትቶ የራሱን ሕትመት፣ የራሱን ሥርጭትና የራሱን ሐያሲ ያቀፈ ማኅበረሰብ አቋቋመ። «ስታር ትሬክ» በሴፕቴምበር 1966 ተጀምሮ ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ በ79 ክፍሎች ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የየከተማው ጣቢያዎች ያንኑ ሰባ ዘጠኝ ክፍል እየደጋገሙ ማሳየት ሲጀምሩ የተመልካቹ ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ፤ አዲስ ክፍል ግን አልነበረም። በጃንዋሪ 1972 ኒውዮርክ ላይ በተጠራው የመጀመሪያው ትልቅ የአድናቂዎች ጉባኤ አዘጋጆቹ ጥቂት መቶ ሰዎች ይመጡ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ከ3,000 በላይ መጡ። ያን ያህል ሕዝብ ተርቦ የሚያቀርብለት ሲጠፋ፣ ከመካከሉ መጻፍ የሚችሉት ብዕር አነሡ።

የዚያን ዘመን አድካሚነት ዛሬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሚጽፍ ወጣት በቀላሉ አይረዳውም። ታሪኩ በመጀመሪያ በጽሕፈት መኪና በስቴንስል ላይ ይመታል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ በማረሚያ ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ገጾቹ በማባዣው አንድ በአንድ ከታተሙ በኋላ ወዳጆች አንድ ቤት ተሰብስበው በጠረጴዛ ዙሪያ እየዞሩ በተራ ያደራጇቸዋል፣ በስቴፕለር ይመቷቸዋል፣ በፖስታ ያሽጓቸዋል። ገዢው ገንዘቡንና አድራሻው የተጻፈበት ቴምብር ያለው ፖስታ አስቀድሞ ይልካል፤ ከዚያም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። ጸሐፊዋ የምታገኘው ክፍያ የመጽሔቱ አንድ ቅጂ ነበር። ዋጋው የወረቀትና የፖስታ ወጪን እንዲሸፍን ብቻ ታስቦ ስለሚተመን አዘጋጆቹ ካልከሰሩ እንደ ትርፍ ይቆጠርላቸው ነበር። በምላሹ የሚመጣው ግን ደብዳቤ ነው። አንባቢው ታሪኩን በትዕግሥት ካነበበ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ድርሰት ያለውን አስተያየት ረዘም አድርጎ ይጽፋል፤ ደብዳቤውም በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ጸሐፊና አንባቢ በስም ይተዋወቁ ነበር። ድካሙ የበዛውን ያህል ምላሹም ክብደት ነበረው።

ከዚያ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። «ስታር ትሬክ»ን መሠረት አድርገው ከሚጽፉት መካከል በ1970 83 በመቶ የነበሩት ሴቶች በ1973 90 በመቶ ደርሰዋል። በዚያ ዘመን የሳይንስ ልብ ወለድ የኅትመት ገበያው በወንዶች የተያዘ እንደነበር ሲታሰብ ቁጥሩ የአጋጣሚ ጉዳይ አይሆንም፤ በዋናው በር ያልገቡት የራሳቸውን ቤት ሠሩ ማለት ነው። የራሳቸውን ሒስም እዚያው ፈጠሩ። በ1973 ፖላ ስሚዝ የተባለች አዘጋጅ በዕድሜ ትንሽ፣ በችሎታ ፍጹም፣ በድራማው የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ሁሉ የምትፈቀር አንዲት መኮንን የሳለችበት አጭር ፌዝ አሳተመች። ሜሪ ሱ የተባለችው ይህች ገጸ ባሕርይ ስሟ ከመጽሔቷ ወጥቶ እስከ ዛሬ የጀማሪ ጸሐፊ ድክመት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሒሱ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ስንት ልጃገረድ ራሷን በታሪኩ ውስጥ ለማየት የነበራትን የመጀመሪያ ሙከራ እንዳሸማቀቀባት ማን ቆጠረው? በቀጣዩ ዓመት፣ በ1974፣ የድራማውን ዋና ገጸ ባሕርያት፣ የካፒቴን ከርክንና የስፖክን፣ ወዳጅነት ወደ ፍቅር የወሰደ የመጀመሪያው ታሪክ ታተመ፤ ማኅበረሰቡም በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተከራከረ።

የመብት ባለቤቶቹ አያያዝ ደግሞ ወጥ አልነበረም። ስፖክን የተጫወተው ሌናርድ ኒሞይ ለ«ስፖካናሊያ» የመጀመሪያ እትም ደብዳቤ ልኳል። በ1976 ባንታም የተባለው አሳታሚ አድናቂዎች የጻፏቸውን ታሪኮች በመጽሐፍ አሰባስቦ ለገበያ አቀረበ፤ የድራማው ተዋናዮችም መግቢያ ጻፉባቸው። በ1981 ግን የ«ስታር ዋርስ» ባለቤት ሉካስፊልም ወሲብ የሚገለጽባቸውን ታሪኮች ላወጡ አዘጋጆች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ የብዕር ስም መጠቀሟ፣ መጽሔቱ ከጠረጴዛ ሥር መሸጡና በየታሪኩ ራስጌ «ገጸ ባሕርያቱ የእኔ አይደሉም፣ ገንዘብም አላገኘሁበትም» የሚል ማሳሰቢያ መስፈሩ የተለመደ ሆነ። ማሳሰቢያው በፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚያስጥል የጻፉትም አያውቁም ነበር፤ እንደ ክታብ ይዘውት ዞሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ኢንተርኔት በዩኒቨርሲቲዎችና በቢሮዎች ሲስፋፋ የስቴንስሉ፣ የፖስታውና የቴምብሩ ወጪ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ተጠጋ። በ1993 የጀመረው «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለ ድራማ አድናቂዎች ታሪኮቻቸውን በኢሜይል እየተላላኩ በራሳቸው ማከማቻ ማኖር ያዙ። ትናንት የተላለፈ ክፍል ዛሬ ማታ ታሪክ ይጻፍበታል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ አስተያየት ይደርሰዋል። ወራት ይፈጅ የነበረው ጥበቃ በሰዓታት ተተካ።

ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው በኦክቶበር 1998 ዢንግ ሊ የተባለ ወጣት ፕሮግራመር «ፋንፊክሽን ዶት ኔት»ን ሲከፍት ነው፤ በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ይልቅ ይኼኛው ጠልቋል። እስከዚያ ድረስ በጸሐፊና በአንባቢ መካከል የመጽሔት አርታዒ ወይም የማከማቻ ኃላፊ ይቆም ነበር። አሁን ግን ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ማውጣት ቻለ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ይህ ሲሳይ ነበር። የፊደል ግድፈት፣ በመሃል የተተወ ታሪክ፣ ሦስት መስመር የሆነ «ምዕራፍ» መድረኩን አጥለቀለቁት፤ ያም ሆኖ ከዚያው ጎርፍ መሃል ዛሬ በመጻሕፍት መደብር የምናውቃቸው ደራሲዎች ወጥተዋል። የአርታዒውን ሥራ «ቤታ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ወሰዱት። ቤታ የሌላውን ሰው ረቂቅ ያለ ክፍያ አንብቦ ስህተቱን የሚነግር ሰው ነው፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጥሩ ቤታ የማግኘትን ያህል ዕድል የለም።

ለዚያ ዘመን መስፋፋት ትልቁ ምክንያት ሃሪ ፖተር ነበር፤ ከመጻሕፍቱ ዝና በላይ ደግሞ በመጻሕፍቱ መካከል የነበረው ክፍተት። አራተኛው መጽሐፍ በጁላይ 2000 ወጣ፤ አምስተኛው እስከ ጁን 2003 አልወጣም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አድናቂዎች የራሳቸውን አምስተኛ መጽሐፍ ጻፉ፤ አንዳንዶቹም ከእውነተኛው የሚተናነስ ርዝመት አልነበራቸውም። «ስታር ትሬክ» ሲቋረጥ የታየው ዳግም ታየ፦ የአድናቂ ድርሰት ኦሪጅናሉ ሥራ ሲጠፋ እንጂ ሲበዛ አይለመልምም። ደራሲዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። አን ራይስ በ2000 በገጸ ባሕርያቷ ማንም እንዳይጽፍ ስትከለክል፣ የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ2004 ለሽያጭ እስካልቀረበና ለሕፃናት የማይገባ ነገር እስካልያዘ ድረስ እንደማትቃወም በወኪሏ በኩል አሳወቀች።

ብዛቱ ግን ይዞት የመጣ አዲስ ፍርሃት ነበረ፤ መጥፋት። ስቴንስል ቢደበዝዝም ከመደርደሪያ አይነሣም። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ታሪክ ግን ባለቤቱ ባሰኘው ቀን ይሰረዛል። «ፋንፊክሽን ዶት ኔት» በ2002 ለአዋቂዎች ብቻ የተመደቡ ታሪኮችን በሙሉ ሲያግድ ብዙዎች የዓመታት ሥራቸውንና በሥሩ የተጻፈላቸውን አስተያየት አጡ። በሜይ 2007 ደግሞ አድናቂዎች በብዛት ይጠቀሙበት የነበረው «ላይቭጆርናል» ከአንድ ቡድን በደረሰበት ግፊት 500 ያህል ገጾችን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ። ከተዘጉት መካከል የልብ ወለድ መወያያዎችና የጥቃት ሰለባዎች መደጋገፊያዎች ይገኙባቸው ስለነበር ድርጅቱ ይቅርታ ጠይቆ ብዙዎቹን መለሰ። ተመለሱ፤ አመኔታው ግን አልተመለሰም። በዚያው ወር «ፋንሊብ» የተባለ ኩባንያ በባለሀብቶች ገንዘብ ተቋቁሞ የአድናቂዎችን ድርሰት ሰብስቦ በማስታወቂያ ሊያተርፍበት ብቅ አለ፤ ሕጋዊውን ኃላፊነት ግን ለጸሐፊዎቹ የተወ ነበር።

የስድሳ ዓመቱ ታሪክ ማዕከል ይህ የ2007 ጸደይ ነው። ደራሲዋ ናኦሚ ኖቪክ በሜይ ወር አድናቂዎች የራሳቸው የሆነ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ማንም የማይሸጠውና በሕግ የሚሟገት ማኅደር ይኑራቸው ስትል ሐሳብ አቀረበች። ከዓመቱ ሳይዘል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ፤ ማኅደሩም «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» ተብሎ በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ ተከፈተ። «ፋንሊብ» ያኔ ተዘግቶ ዓመት አልፎት ነበር። ማኅደሩ በፌብሩዋሪ 2014 1 ሚሊዮን ሥራ ሞላ፤ በ2019 5 ሚሊዮን ደረሰ፤ ዛሬ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። በ2020 ዓለም በወረርሽኙ ቤቱ ሲዘጋ አንባቢው ከመቼውም በላይ ጎረፈ። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ወጪው የሚሸፈነው ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው።

የማኅደሩ አሠራር የአንባቢን ዕለታዊ ኑሮም ለውጧል። ጸሐፊው ለታሪኩ በፈለገው ቃል መለያ ይሰጣል፤ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ በልዩ ልዩ አጻጻፍ የተሰጡትን ተመሳሳይ መለያዎች እርስ በርስ ያያይዛሉ። አንባቢው ስለዚህ የሚወዳቸውን ሁለት ሰዎች፣ የሚፈልገውን ርዝመትና ያለቀ ታሪክ ብቻ ለይቶ መምረጥ ይችላል፤ ሐዘን የማይችልበት ቀን ከሆነ ሞት ያለበትን ሁሉ ያስወጣል። መውጣት የሚፈልግ ጸሐፊም ታሪኩን ከማጥፋት ይልቅ ስሙን ብቻ ነቅሎ ሊተወው ይችላል፤ ስም አልባዎቹ ታሪኮች ዛሬም ይነበባሉ። ለመጥፋት ችግር ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

የቀረው ችግር ዝምታ ነው። ማኅደሩ በ2010 መጨረሻ «ኩዶስ» የተባለች አንዲት ጠቅታ አስገባ፤ አንባቢው መጻፍ ሳያስፈልገው ወድጄዋለሁ ሊል ነው። ዓይን አፋሩን ስለምትረዳ መልካም ነገር ነች። ነገር ግን በ1970ዎቹ ረጅም ደብዳቤ ይጻፍበት የነበረውን ስሜት አሁን አንዲት ጠቅታ ትሸኘዋለች። ጸሐፊዎች ሲገናኙ ደጋግመው የሚያነሡት ብሶት ይኸው ነው፤ ሺህ ሰው ከፍቶት ሦስት ሰው ብቻ ቃል የተነፈሰበት ምዕራፍ። ክፍያ በሌለበት ሥራ አስተያየት ራሱ ደመወዝ ነውና፣ ደመወዙ ሲቀር ታሪኩ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ይቆማል። አንባቢው በበኩሉ ያላለቀ ታሪክ አላነብም ይላል፤ ስላላነበበ ጸሐፊው አይጨርስም። ከሁለቱ ወገን ማንን መውቀስ እንደሚገባ ብጠየቅ አንባቢውን እላለሁ፤ ከእርሱ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከ2011 ወዲህ ያለው ዘመን የገንዘብ ዘመን ነው። «ፊፍቲ ሼድስ ኦቭ ግሬይ» በመነሻው «ትዋይላይት» በተባለው ልብ ወለድ ላይ የተጻፈ የአድናቂ ድርሰት ነበር። የገጸ ባሕርያቱ ስም ተቀይሮ፣ ነጻው ቅጂ ከኢንተርኔት ተነሥቶ በመጽሐፍ ከወጣ በኋላ እስከ 2014 ሦስቱ ቅጾች በድምሩ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። አና ቶድ የአንድ የሙዚቃ ባንድ ወጣቶችን አስባ በ2013 «ዋትፓድ» በተባለው የኢንተርኔት የድርሰት መድረክ ላይ መጻፍ የጀመረችው «አፍተር» በቀጣዩ ዓመት መጽሐፍ፣ በ2019 ፊልም ሆነ፤ «ዋትፓድ»ን ራሱን የደቡብ ኮሪያው ናቨር በ2021 በ600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ1976 ባንታም ያወጣው መጽሐፍ የብርቅ ያህል ሲታይ፣ በ2025 ግን ከአንድ የሃሪ ፖተር አድናቂ ድርሰት የተወለደው የሴንሊንዩ «አልኬማይዝድ» በታላላቅ አሳታሚዎች ዘንድ እንደ ማንኛውም ዐቢይ ልብ ወለድ ተስተናግዷል። ከዚያ በፊት የዚያው ታሪክ ነጻ ቅጂ ባልታወቁ ነጋዴዎች እየተጠረዘ በድብቅ ይሸጥ ነበር።

በዚህ ላይ የማኅበረሰቡ አስተያየት አንድ አይደለም። ደራሲዎቹ የላባቸውን ዋጋ ማግኘታቸው አያስከፋም፤ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚጽፉት ለምን የዘለዓለም ስጦታ ይሁን የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ረቂቁን ያለ ዋጋ ያረሙት፣ በየምዕራፉ ያበረታቱት አንባቢዎች አንድ ቀን ታሪኩ ከማኅደሩ ተነሥቶ ሲያገኙት የሚሰማቸውን ቅያሜ ማናናቅ አይቻልም። ማኅደሩ በኦገስት 2019 ደብሊን ላይ ትልቁን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ሁጎን ሲቀበል ኖቪክ በአዳራሹ የነበሩ ጸሐፊዎችንና አንባቢዎችን ሁሉ እንዲነሡ የጠየቀችው ክብሩ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ከሽልማቱ ስድስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ፣ የአንድ ተዋናይ ደጋፊዎች ስለ እርሱ የተጻፈ ታሪክ አስቆጥቷቸው ለመንግሥት ካመለከቱ በኋላ ቻይና ማኅደሩን ዘጋች። ከስደት ያመለጠውን ቤት ያዘጉት ሌሎች አድናቂዎች መሆናቸው የዚህ ታሪክ መራራ ገጽ ነው።

የአሁኑ ሥጋት መነሻው ሌላ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ነው። ማኅደሩ በ2022 መጨረሻ መረጃ የሚሰበስቡ ማሽኖችን ለመከልከል እርምጃ ቢወስድም የ2025ቱ የ12.6 ሚሊዮን ሥራዎች ግልበጣ አልቀረም። በሕግ ጥያቄ ክምችቱ ከነበረበት ቢነሣም ብዙ ጸሐፊዎች ሥራዎቻቸውን ለተመዘገቡ አንባቢዎች ብቻ እንዲከፈቱ አድርገዋል። የሌላ ሰው ፈጠራ ላይ ተመሥርቶ የጻፈ ሰው የእኔን ለምን ወሰዳችሁ ማለቱ የሚያስቃቸው አሉ። ሳቁ ቦታውን የሳተ ነው፤ ጸሐፊዋ የወሰደችውን ስሟን ሰጥታ፣ ምንጩን ተናግራ፣ ለሰው ልጅ አንባቢ መልሳ ሰጥታለች።

የቋንቋ ጉዳይ በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ አይነሣም። በማኅደሩ ጸሐፊ ታሪኩን ሲያስገባ ከሚመርጣቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ በገዛ ፊደሉ ተጽፎ ይገኛል፤ በሥሩ የተመዘገበው ሥራ ግን ከእንግሊዝኛውና ከቻይንኛው አጠገብ ሲቆም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መጻፍ የሚሻ ክፍያ አይጠየቅም፤ የኢሜይል አድራሻውን አስገብቶ የግብዣ ተራውን ይጠብቃል።